ጎመን በጤና፣ ሳማስ? የጣና ዳር የዱር ቅጠል ወደ ድስት ሲመለስ

ክረምት በገባ ቁጥር ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ይበዛል። አንድ ሰው ከአጥር ሥር ቅጠል ይቀነጥሳል። ያጥበዋል፣ ሽንኩርት ያቁላላል፣ ከዚያ «አያቶቻችን መቶ ዓመት የኖሩት ይህን በልተው ነው» ብሎ ይጎርሳል። ካዩት ሰዎች ገሚሱ «ሱፐር ፉድ» ይለዋል። ገሚሱ ደግሞ «ምነው፣ ረሃብ ገባ እንዴ?» ይላል።

ሱፐር ፉድ የሳይንስ ቃል አይደለም። ንጥረ ነገሩ የበዛ ነው የተባለን ምግብ ለመሸጥ የወጣ የገበያ ስም ነው። «የረሃብ ምግብ» የሚለውም ቢሆን ስለ ተክሉ ብዙ አይነግረንም፤ የሚነግረን ስለ ትዝታችን ነው። ሁለቱም ወገን የሚያወራው ስለ ቅጠሉ ነው። ቅጠሉ ግን ብቻውን ምግብ አይደለም። ምግብ የሚሆነው ሥራ ሲሠራበት ነው። የትኛው ጫፍ? በየትኛው ወር? ከየትኛው መሬት? ውሃው ይደፋል ወይስ አይደፋም? የ1 ደቂቃው ቪዲዮ ቆርጦ የሚጥለው ይህንኑ ነው።

ባሕር ዳርና የጣና ዙሪያ ነገሩን ለማየት የሚመች ቦታ ነው። ሐይቁ ያለው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የደጋውም የቆላውም ተክል እዚህ አካባቢ ይገናኛል። ገዳማቱ ያቆዩት ደን አለ፣ ረግረግ አለ፣ ማሳ አለ። ከተማዋ ደግሞ በየአቅጣጫው እየሰፋች ነው።

ለቀማ አዲስ ነገር ነው?

በውጭው ዓለም ፎሬጂንግ ይሉታል። ማንም ያልዘራውን ተክል ፈልጎ ለምግብ መሰብሰብ ማለት ነው። እኛ ለቀማ ብንለው ይበቃል።

«እኛ ቤት የዱር ነገር አይገባም» የሚል የባሕር ዳር ቤተሰብ ቢኖር በበዓል ቀን ቤቱን ማየት ነው። ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘው ቄጠማ ከረግረግ የታጨደ ነው። ድፎ ዳቦው በኮባ ተሸፍኖ ተጋግሯል። የጠላው ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ታጥኗል። ቅቤው ሲነጠር ኮሰረት ገብቶበታል፤ አንዳንዱ ቤት መቅመቆም ይጨምራል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ዛሬ ጓሮ ይተከላሉ፤ መነሻቸው ግን ዱር ነው። ዱሩ ከማድ ቤት ወጥቶ አያውቅም። የወጣው ከሳህኑ ላይ ነው።

ስለ «አገር በቀል» ቃልም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። አገር በቀል የሚባለው ሰው ሳያመጣው እዚሁ የኖረ ተክል ነው። መጤ ከሌላ አገር የገባ ነው። ወራሪ ደግሞ ገብቶ ሌላውን የሚውጥ። በለስ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ መጤ ነው። በየማሳው ከሚበቅሉት የአሉማ ዝርያዎችም አንዳንዶቹ መነሻቸው አሜሪካ ነው፤ ግን ከቆዩ ብዙ ዘመን ስለሆነ ማንም መጤ አይላቸውም። ኋላ የምናነሳው መርዛማው አስተናግርም እንዲሁ። ስለዚህ «አገር በቀል ስለሆነ ይስማማናል» የሚለው አነጋገር ብዙ ርቀት አይወስድም። ሳማ ግን በዚህ በኩል ጥያቄ የለበትም። በዕፅዋት ሳይንስ ስሙ ኡርቲካ ሲሜንሲስ ነው፤ «የሰሜን ተራራው» እንደማለት። የኢትዮጵያ ደጋ የራሱ ሳማ ነው።

ምን ይበላል?

ቅጠሉን እናስቀድም። ሳማ፣ አሉማና ጥቁር አውጥ ዋናዎቹ ናቸው። ሦስቱም ሰው የነካካውን መሬት ይወዳሉ። የበረት ዳር፣ የአጥር ሥር፣ የታረሰ ማሳ፣ የፍግ ክምር አካባቢ ይበቅላሉ። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ሳማ ፍለጋ መግባት ድካም ነው። ሳማ ደግሞ ብርድ ስለሚስማማው ከሐይቁ ዳር ይልቅ ወደ ደጋው፣ ወደ ጉና አቅጣጫ ሲወጡ ይበዛል።

ፍሬው የእረኞች ግዛት ነው። አጋም፣ እንኮይ፣ ዶቅማ፣ ሾላ፣ ዋንዛ፣ ቀጋ፣ እንጆሪ፣ ኮሽም፣ እሼ። ዶቅማ የበላ ልጅ አፉን ሳይከፍት አይደበቅም፤ ከንፈሩ ሐምራዊ ሆኗል። የዋንዛ ፍሬ ጣፋጭ ነው፣ ግን እንደ ሙጫ ይጣበቃል።

ሾላ ብቻውን አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል። ሾላ ውጪው ላይ አበባ አያወጣም። አበባው ፍሬ ከምንለው ነገር ውስጥ ነው ያለው፣ ወደ ውስጥ ተገልብጦ። በጣም ትንሽ የሆነች ተርብ መሰል ነፍሳት በጫፉ ቀዳዳ ገብታ ታዳቅለዋለች፤ ብዙውን ጊዜም እዚያው ትሞታለች። የበሰለ ሾላ ከፍተው ሲያዩት ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር ቢኖር አይገርምም። «ሾላ በድፍን» የሚለው አባባል የመጣው ከዚህ ነው። ከፍተህ ካየኸው አትበላውም ማለት ነው። ዛሬ አባባሉን ስለ ፖለቲካና ስለ ሽምግልና እንጠቀምበታለን። ሾላውን የበላነው ግን እያነስን ነው።

ሥሩ ጥቂት ነው። መቅመቆ ሥሩ ተፈጭቶ ሻይና ቅቤ ውስጥ ይገባል። የሥር ነገር ወደ ኋላ የምንመለስበት ጣጣ አለው።

ለምን ተተወ?

ምክንያቱ አንድ አይደለም። መጀመሪያ እረኝነት ቀረ። የፍሬው ዕውቀት ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነበር እንጂ ከአባት ወደ ልጅ አልነበረም። የ10 ዓመቱ እረኛ ለ7 ዓመቱ ያሳያል፤ «ይህን ብላ፣ ያንን ተወው» ይለዋል። ልጆች ትምህርት ቤት መግባታቸው ደግ ነገር ነው። ያ ሰንሰለት ግን በዚያው ተበጠሰ፤ ትምህርት ቤቱም በምትኩ ያስተማረው ነገር የለም።

ሁለተኛው መሬቱ ነው። ፎገራ ላይ ሩዝ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ) ወዲህ ገብቶ የረግረጉን መልክ ቀየረው። ባሕር ዳር ዙሪያ ባሕር ዛፍና ጫት ተስፋፋ። የጤፍና የስንዴ ማሳ ላይ ደግሞ ቱ-ፎር-ዲ የተባለው ፀረ አረም ይረጫል። ይህ መድኃኒት ሣር መሰሉን እህል ትቶ ሰፊ ቅጠል ያለውን ይገድላል። አሉማም ሰፊ ቅጠል ነው። በእጅ ማረም በነበረበት ጊዜ ሴቶች የሚያርሙትን እየለዩ ለማታ ወጥ ያስቀሩ ነበር። አረሙ በመርጫ ሲሞት ያ ወጥም አብሮ ሞተ።

ሦስተኛው ሐፍረት ነው። ይህኛው ከባዱ ይመስለኛል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም የነበረው ታላቅ ረሃብ ስሙ እስካሁን «ክፉ ቀን» ነው። በኋላም ረሃብ አልቀረም። ሰው ቅጠል የበላባቸውን ዓመታት ማስታወስ አይፈልግም። «ሳማ በልቶ ያደገ» ሲባል ሙገሳ የሚሆንበት ቤት አለ፣ ስድብ የሚሆንበትም ቤት አለ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቅጠል መብላት ሁልጊዜ ክብር ነበረው፤ እሱም ገዳም ነው። «ዳዋ ጥሰው፣ ጤዛ ልሰው» የሚባልላቸው መናኞች ቅጠል ሲበሉ ድህነት አይባልም፤ ተጋድሎ ነው። የጣና ደሴቶች ገዳማት ከዚሁ ወግ ውስጥ ናቸው። አንዱ ቅጠል በአንዱ ሳህን ላይ ውርደት፣ በሌላው ላይ ጽድቅ ሆኖ ኖሯል። አሁን ሦስተኛ ስም መጣለት፤ ፋሽን።

አንድ ድስት ሳማ

ሳማ ለምን እንደሚለበልብ ማወቅ አሠራሩን ለመረዳት ይጠቅማል። ቅጠሉና ግንዱ ላይ ያሉት ፀጉሮች ውስጣቸው ክፍት የሆነ መርፌ ናቸው። ሲነኩ ጫፋቸው ይሰበርና ፈሳሹ ቆዳ ሥር ይገባል። ፈሳሹ ውስጥ ሂስታሚን አለ፤ አለርጂ ሲነሳብን ሰውነታችን ራሱ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ነው። የፈላ ውሃ መርፌውን ያለመልመዋል፣ ፈሳሹንም ከጥቅም ውጪ ያደርገዋል። ስለዚህ የተቀቀለ ሳማ ምላስ አይለበልብም።

ለቀማው በማለዳ ወይም ከዝናብ በኋላ ይቀላል። እጅ በጨርቅ ወይም በድርብ ፌስታል ይጠቀለላል። የሚቀነጠሰው ጫፉ ነው፤ ከላይ ያሉት ሁለት ሦስት ለጋ ቅጠሎች። ካበበ በኋላ አይበላም። ያን ጊዜ ቅጠሉ ውስጥ ጠጣር የካልሲየም ቅንጣቶች ይጠራቀማሉ፤ ጥርስ ላይ አሸዋ ይመስላል።

ከዚያ ውሃ ይፈላል። ቅጠሉ ይጨመርና በማማሰያ ወደ ታች ይጫናል። ድስቱን ሞልቶ የነበረው ቅጠል ወዲያው ወርዶ አንድ ጭብጥ ይሆናል፤ መጀመሪያ የሚሞክር ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል። 10 ደቂቃ ያህል ይበስልና ይጠለላል። በሙቀጫ ወይም እዚያው ድስት ውስጥ ይደቆሳል። ለብቻው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በዘይት ይቁላላል፣ የተደቆሰው ቅጠል ይገባበታል። አንዳንዱ ቤት የገብስ ዱቄት፣ አንዳንዱ ሽሮ ጣል ያደርግበታል፣ እንዲያያዝ። ቃሪያ ከላይ። በፍስክ ከሆነ ቅቤ። መልኩ ከጎመን ይጠቁራል፤ ሲጎረስ ደግሞ ከጎመን ይለሰልሳል።

የቀቀሉበትን ውሃ ስለመድፋት ክርክር አለ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ውሃው ሲደፋ ቫይታሚን ሲና የተወሰነ ማዕድን አብሮ ይሄዳል። ግን ኦክሳሌት የተባለው ነገርም ይሄዳል። ኦክሳሌት ቅጠላ ቅጠል ውስጥ ያለ አሲድ ነክ ንጥረ ነገር ነው። ካልሲየምን ይዞ ሰውነት እንዳይጠቀምበት ያደርጋል፤ የኩላሊት ጠጠር ላለበት ሰውም አይመከርም። አሉማ ይህ ይበዛበታል፤ ሲበዛ የሚጎዳ ናይትሬት የሚባል ነገርም አለበት፣ በተለይ ፍግ በበዛበት መሬት የበቀለው። ስለዚህ ሕጉ በተክሉ ይለያያል። ለአሉማና ለአውጥ ውሃውን መድፋት ይሻላል። ለለጋ ሳማ ግን ጥቂት ውሃ ተጠቅሞ እሱኑ ወጡ ውስጥ መመለስ ችግር የለውም።

«ሳማ ደም ይሞላል» ይባላል። ብረት አለው፤ ይህ ልክ ነው። ከቅጠል የሚገኝ ብረት ግን እንደ ሥጋው በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ቫይታሚን ሲ ያግዘዋል። ዘጌ ሎሚ ሞልቷል፤ ወጡ ከወረደ በኋላ ጨመቅ ማድረግ ነው። ቡናና ሻይ ደግሞ በተቃራኒው ብረቱን ይይዙታል። ከምግብ በላይ ወዲያው ቡና የሚያፈላ አገር ውስጥ ይህን መናገር ድፍረት ነው። ቢሆንም ለደም ማነስ ብሎ ሳማ የሚበላ ሰው ቡናውን አንድ ሰዓት ቢያቆየው ይሻለዋል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ ቅጠላ ቅጠል በድንገት ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ቫይታሚን ኬ ከመድኃኒቱ ጋር ይጋጫል።

አቋራጭ ሕጎች ለምን አይሠሩም?

ስለ መርዛማ ተክል አራት አባባሎች በብዛት ይሰማሉ። አራቱም ይሸውዳሉ።

«ነጭ ወተት የሚያወጣ ሁሉ መርዝ ነው» ይባላል። ቁልቋል ነጭ ወተት አለው፤ ዓይን ከገባ አደገኛ ነው። አጋምና ሾላም ግን ነጭ ወተት አላቸው፤ የበሰለ ፍሬያቸው ይበላል። ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል የሚለው ተረት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። የአጋሙ እሾህ ቁልቋሉን ይወጋዋል፣ ወተቱ ይፈሳል። ጎረቤት ናቸው፣ ወተታቸው ይመሳሰላል፤ አንዱ ይበላል፣ አንዱ ያሳውራል።

«ወፍ የበላውን ሰው ይበላዋል» የሚለውም አይሠራም። የወፍ ቆሎ ስሙ ራሱ ወፍ እንደሚበላው ይናገራል። ባሕር ዳር ውስጥ አጥር ሆኖ የሚታየው ያ ባለ ቀለም አበባ ተክል ማለት ነው። ጥሬ ፍሬው ለልጅ መርዝ ነው። እንዶድንም ወፍ ይበላዋል። እንዶድ ልብስ ያጥባል፣ ቀንድ አውጣ ይገድላል። በ1964 እ.ኤ.አ ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው ቀንድ አውጣ በሚያስተላልፈው በቢልሃርዚያ በሽታ ላይ ምርምር የጀመሩት። ቀንድ አውጣ የገደለውን ማንም ወጥ አያደርገውም።

«መራራ ከሆነ ተወው» የሚለው ግራዋን እንኳ ያስጥላል። ምሬት አንዳንዴ ማስጠንቀቂያ ነው፣ አንዳንዴ ጣዕም ብቻ ነው።

ከሁሉም የከፋው «ከተቀቀለ ምንም አይደለም» የሚለው ነው። ለሳማ ሠርቷል፤ ለአስተናግር አይሠራም። አስተናግር፣ አጤ ፋሪስም የሚሉት አሉ፣ ቆሻሻ መድፊያና ማሳ ዳር በብዛት ይበቅላል። ለጋ ቅጠሉ ከሌላ አረም ጋር ተደባልቆ ድስት ሊገባ ይችላል። ውስጡ ያለው መርዝ በሙቀት አይጠፋም። የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ ይመታል፣ ከዚያ ይለፈልፋል፤ የሌለ ነገር ያያል። ስሙን ያወጡት ሰዎች ይህንን አይተው ነው። አስተናግር፣ የሚያናግር። ስሙ ውስጥ የሕመሙ ምልክት ተጽፏል። ይህ ዓይነት ምልክት የታየበት ሰው ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ አለበት፤ ከተቻለ የበላው ቅጠል ቁራጭ ይያዝለት።

ጥቁር አውጥ በመሃል ያለ ነው። ከቲማቲም፣ ከድንችና ከእንቧይ ጋር ዘመድ ነው። ቅጠሉ ተቀቅሎ ውሃው ተደፍቶ የሚበላበት ቦታ ብዙ ነው፤ ጠቁሮ የበሰለ ፍሬውንም ልጆች ይበሉታል። አረንጓዴው ጥሬ ፍሬ ግን ሶላኒን የሚባል መርዝ አለው፤ ያስመልሳል፣ ሆድ ይቆርጣል። አንድ ግንድ ላይ የሚበላውና የማይበላው አብረው ይንጠለጠላሉ።

ስለ መጠን ደግሞ ከጓያ የተሻለ አስተማሪ የለም። ጓያ ይዘራል እንጂ ዱር አይደለም። ነገሩ የደረሰው ግን እዚሁ ጣና ዳር ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ) አጋማሽ ደምቢያና ፎገራ ውስጥ ብዙ ሰው፣ በተለይ ጎልማሳ ወንድ፣ እግሩ እየደረቀ በምርኩዝ ቀረ። ጓያ ኦዳፕ የሚባል ነርቭ የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለው። ከሌላ እህል ጋር አልፎ አልፎ ሲበላ ብዙም አይጎዳም። ድርቅ ሲመጣ ግን ሌላው እህል ይጠፋል፣ ጓያ ይቀራል። ሰው ለወራት እሱን ብቻ ሲበላ ይሰበራል። «እንፋሎቱ ነው የሚሰብረው» የሚል እምነትም ነበር። ይህ እምነት ሰውን ከእንፋሎቱ አራቀው፣ ከሳህኑ ግን አላራቀውም።

እምቦጩንስ ብንበላው?

ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይነሳል፤ ግማሹ በቀልድ፣ ግማሹ ከምር። እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በ2011 እ.ኤ.አ ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። በጉልበትም በማሽንም ተነቅሎ አላለቀም። «ታዲያ ለምን አንበላውም?» ቢባል አይፈረድም።

መልሱ በተክሉ ሥራ ውስጥ አለ። እምቦጭ ውሃ ውስጥ ያለውን ከባድ ብረት፣ እንደ እርሳስና ካድሚየም ያለውን፣ በሥሩ ይመጥጣል። በዚህ ችሎታው ምክንያት ሌላ አገር ቆሻሻ ውሃ ለማጣራት ይጠቀሙበታል። ማጣሪያ ደግሞ አይበላም። በዚያ ላይ መርፌ መሰል የኦክሳሌት ቅንጣት አለው፤ ጉሮሮ ይቧጥጣል።

ይህ ነገር ከእምቦጭም አልፎ ይሄዳል። የከተማው ፍሳሽ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ዳርቻ ላይ የበቀለ ማንኛውም ለጋ ቅጠል ያንኑ ውሃ ጠጥቷል። ከመኪና መንገድ ዳር የተቀነጠሰው አቧራና ጭስ ለብሷል። ከጫት ማሳ ጥግ የተቀነጠሰው ፀረ ተባይ ሊኖርበት ይችላል። ትክክለኛው ተክል ከተሳሳተ መሬት ሲለቀም ትክክለኛ ምግብ አይሆንም። ቪዲዮዎቹ ላይ በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ተክሉን በስሙ ይጠሩታል፣ የቆመበትን መሬት ግን አያሳዩም።

ጫካውን ይጎዳል?

ጥበቃ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ስጋት አላቸው። ስጋታቸው ተገቢ ነው። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል። ባዮስፌር ሪዘርቭ ሰው እየኖረበት የሚጠበቅ አካባቢ ነው። ጥብቅ የሆነ እምብርት አለው፣ ከለላ ዞን አለው፣ ሰው የሚያርስበትና የሚነግድበት ውጫዊ ዞን አለው። የትም ገብቶ መልቀም አይቻልም ማለት ነው።

ሌላው ወገን ደግሞ «ሰው የሚጠቀምበትን ይጠብቃል» ይላል። የቤተ ክርስቲያን ደኖች ለዚህ ምስክር ናቸው። ዘጌ ላይ ቡናው በትላልቅ አገር በቀል ዛፎች ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው። ዛፉ የቆመው በእምነቱም ነው፣ በቡናውም ነው። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ደግሞ የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከማኅበረሰቡ ጋር ሆነው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ሲጥሩ ቆይተዋል። ከብት ካልገባ ችግኝ ይበቅላል።

እኔ ልዩነቱን የማየው ከሚለቀመው ክፍል አንፃር ነው። የአረም ቅጠል መቀንጠስ ማንንም አይጎዳም፤ አሉማ ሲቀነጠስ ይበልጥ ቅርንጫፍ ያወጣል። ፍሬ ሲለቀም ግን ዘሩ ይሄዳል። እረኛ ዶቅማ በልቶ ፍሬውን እዚያው ይተፋዋል፤ ዛፉ ይዘራል። ነጋዴ በኩንታል ወደ ከተማ ሲጭነው ዘሩ ቆሻሻ መጣያ ይገባል። ሥር ሲቆፈር ተክሉ ራሱ ያልቃል። መቅመቆ በብዛት ገበያ ቢፈለግ መዝራት ግድ ይሆናል።

የባለቤትነቱም ነገር አለ። የጄኔቲክ ሀብትን ስለማግኘትና ስለ ማኅበረሰብ መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 በአካባቢው ሰዎች መካከል በልማድ የሚደረገውን አጠቃቀምና ልውውጥ አይነካም። ለዕለት ምግብ ገበያ ላይ የሚሸጠውንም አይከለክልም። የሚቆጣጠረው ተክሉን ወይም ዕውቀቱን ወስዶ ለምርምርና ለምርት የሚያውለውን ነው። አንዲት እናት ቅዳሜ ገበያ አሉማ ብትሸጥ አዋጁ አያገኛትም። ዘሩን ወስዶ አዲስ ምርት ሊያወጣበት ያሰበ ኩባንያ ግን ፈቃድ ይጠየቃል፣ ጥቅም ያካፍላል።

ሞሪንጋ የሚሉት የሽፈራው ዛፍ ታሪክ ቅርብ ነው። ቅጠሉ ኮንሶና ጋሞ ውስጥ የዕለት ጎመን ነው። አዲስ አበባ ሲገባ ዱቄት፣ ሻይና እንክብል ሆነ፤ የማያድነው በሽታም አልነበረም። ከዚያ ወሬው ቀዘቀዘ። ኮንሶዎች ግን መብላታቸውን አላቆሙም፤ ለእነሱ መጀመሪያም መድኃኒት አልነበረም።

ከማን ይማሩታል?

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንደሚባለው፣ መነሻው ያንን ተክል ዛሬም የሚበላ የአካባቢ ሰው ነው። ችግሩ የስም ነው። ቁርቁራ የሚለው ስም ከአንድ በላይ ዝርያ ይይዛል። አንዱ ሳማ የሚለውን ሌላው ዶቢ ይለዋል፤ ዶቢ ደግሞ ሌላ ቦታ ሌላ የሚለበልብ ተክል ነው። ስልክ ላይ ፎቶ ልኮ «ይሄ ይበላል?» ብሎ መጠየቅ የማይበቃው ለዚህ ነው። መልስ ሰጪው ስሙን ቢያውቅ እንኳ ሽታውን፣ የግንዱን ፀጉር፣ ፍሬው ምን እንደሚመስል አላየም።

የዕፅዋት ተመራማሪዎች ለዚህ ያላቸው ዘዴ ቀላል ነው፤ ማንም ሊያደርገው ይችላል። ቅጠሉን፣ አበባውንና ከተገኘ ፍሬውን አንድ ላይ ጋዜጣ መሃል አድርጎ ማድረቅ ነው። አጠገቡ የተገኘበትን ቦታ፣ ወሩን፣ የነገረውን ሰውና ያ ሰው የጠራበትን ስም መጻፍ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ቤተ መዝገብ፣ የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ከእሱ ጋር የተያያዘው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ዝርዝር ከ1989 እስከ 2009 እ.ኤ.አ ባሉት 20 ዓመታት ውስጥ በየቅጹ ታትሞ አልቋል። መልሱ እዚያ አለ፤ ጋዜጣ መሃል የደረቀው ቅጠል ከመዝገቡ ጋር ሊያያዝ ይችላል።

በአንድ ክረምት አንድ ተክል በቂ ነው። ለባሕር ዳር ሰው አሉማ ይቀድማል፤ ሳማ እንዳይለበልበው አይፈራም፣ ወደ ደጋ መውጣትም አይጠበቅበትም። ከሚያውቁት ማሳ፣ ምን እንደተረጨበት ከሚነግር ገበሬ ይለቀማል። ዝናቡ ከያዘ ከ3 እስከ 5 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ ሰኔ የበቀለ ሐምሌ ይቀነጠሳል ማለት ነው። መጀመሪያ ቀን በትንሹ፣ ተቀቅሎ፣ ውሃው ተደፍቶ። ነሐሴ ላይ ማበብ ሲጀምር ቅጠሉ ይጠነክራል። ያን ጊዜ ትቶት ዘሩን መጠበቅ ነው፤ ዘሩም ይበላል።